ከሰኔ በፊት ስለ ጣሪያ አናት ሸክላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሚያዝያ ሲጋመስ ባሕር ዳር ውስጥ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሰው ይበዛል። ገሚሱ ሬንጅ፣ ገሚሱ ሲሚንቶ ይዞ ነው የሚወጣው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ሸክላ የለበሱ ቤቶች ላሏቸው፣ በተለይም ሁለቱ ተዳፋት በሚገናኙበት አናት ላይ ስለሚከደነው ሸክላ ነው። አናቱ ባፈሰሰ ቁጥር ከላይ ሲሚንቶ መለጠፍ ጥገና አይደለም፤ ጉዳቱን ያፋጥነዋል።

ሸክላው ቀን ፀሐይ ያግለዋል፣ ማታ ይቀዘቅዛል። ከሥሩ ያለው ሞራሌ፣ ማለትም ጣሪያውን የሚሸከመው እንጨት፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። መሐል ላይ ያለው ሲሚንቶ ደግሞ ግትር ስለሆነ ይሰነጠቅና ከሸክላው ይላቀቃል። በላዩ የሚለጠፈው አዲስ ልስን የሚይዘው ይህንኑ የሞተ ሲሚንቶ ነው፤ አሮጌው ሲነሳ አብሮ ይነሳል። እስከዚያው በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ እንጨቱ ላይ ይተኛል። ከመንገድ ሲያዩት የአናቱ መስመር ወደ ታች ጎብጦ ከታየ እንጨቱ በስብሶ ሊሆን ስለሚችል ከግንበኛ በፊት አናጺ ይጠራ።

መጀመሪያ ፍሳሹ ከአናቱ መሆኑ ይረጋገጥ። ኮርኒስ ላይ የሚታየው ቡናማ እድፍ ቀዳዳው በላዩ ነው ማለት አይደለም፤ ውሃ ሞራሌ ይዞ ሁለት ሦስት ሜትር ይሄዳል። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ኮርኒስ ውስጥ ይግባ፤ ሌላው በጎማ ውሃ ያፍስስ፤ ግን ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ በየቦታው አሥር ደቂቃ ያህል እየቆየ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ጣሪያውን ሁሉ ስለሚያዳርስ የትኛው እንዳፈሰሰ አይለይም። ቀጥሎ እያንዳንዱን የአናት ሸክላ በእጅ መነቅነቅና በግንበኛ ማንኪያ እጀታ መታ ማድረግ ነው። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ድፍን ይላል። ድምፁ ደህና ሆኖ የሚነቃነቅ ከሆነ ሸክላው ሳይሆን መደቡ፣ ማለትም ከሥሩ የተነጠፈው ልስን፣ ነው የሞተው፤ ያው ሸክላ ተመልሶ ይቀመጣል።

ለመውጣት መሰላሉ በአናቱ ላይ የሚንጠለጠል መንጠቆ ይኑረው፤ ወገብም በገመድ ይታሰር። ሸክላ ላይ መርገጥ ግድ ከሆነ ሁለቱ በሚደራረቡበት በታችኛው ጫፍ ነው እንጂ መሐሉ ላይ አይደለም። አንድ አናት ሲጠገን አምስት የተዳፋት ሸክላ የሚሰበረው በእግር ነው።

ስለ ልኩ። 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የአናት ሸክላ 5 ሳንቲ ሜትር ቢደራረብ ለ10 ሜትር አናት 29 ያህል ይፈጃል፤ ለስባሪ ሦስት ይጨመር። ለዚያው 10 ሜትር አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለትም 50 ኪሎ፣ በቂ ነው። ውሁዱ 1 ባልዲ ሲሚንቶ በ4 ባልዲ አሸዋ ነው። ኖራ ከተገኘ 1 ሲሚንቶ፣ 1 ኖራ፣ 6 አሸዋ ይሻላል፤ ኖራ ያለበት ልስን ትንሽ ይታዘዛል። «ጠንከር ይበል» ተብሎ ሲሚንቶ ማብዛት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሲደርቅ ይበልጥ ይኮማተራል፣ ቶሎም ይሰነጠቃል። አሸዋውን በጠርሙስ መፈተን አይከብድም፦ ውሃ ጨምሮ መናጥና ለጥቂት ሰዓት ሳይነኩ ማስቀመጥ ነው። በ10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር የበለጠ ደለል ከተኛ ይታጠብ።

አሮጌው ሲሚንቶ በመሮና በቀላል መዶሻ ሙሉ በሙሉ ይነሳል፤ የሸክላው ውስጥም በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል። ከዚያ ሸክላው ውሃ ውስጥ ይነከርና ላዩ እስኪመጥ ይጠበቃል። ደረቁ ሸክላ የልስኑን ውሃ መጥጦ ስለሚያቃጥለው ይህን መዝለል አይቻልም። ሁለቱ ዳር ሸክላዎች ይቀመጡና በመካከላቸው ሲባጎ ይወጠራል፤ የቀሩት በእሱ ልክ ይገባሉ።

ዋናው ነገር መደቡ ነው። ልስኑ በግራና በቀኝ ጠርዝ ብቻ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ሁለት መስመሮች ይነጠፋል፤ መሐሉ ባዶ ይቀራል። ብዙ ግንበኛ ውስጡን ጢም አድርጎ ይሞላዋል፤ ጠንካራ ይመስላል፣ ግን እርጥበቱን ይዞ እንጨቱን የሚያበሰብሰው እሱ ነው። መጋጠሚያው ሥር ብቻ የሸክላ ስባሪ ገብቶ በልስን ይደገፋል። ውጭ ያለው ልስን ከሸክላው ጠርዝ ጥቂት ገባ ብሎ ይጨረስ፤ ጠርዙን አልፎ ከወጣ ውሃው ከመንጠብጠብ ይልቅ ልስኑ ላይ ይቆማል። ግራና ቀኝ ዳር ያሉትን ነፋስ ቀድሞ ስለሚያነሳቸው የመምታት ሥራው በተዘጋ መሰርሰሪያ ተበስተው በማይዝግ ሽቦ ከአናቱ እንጨት ጋር ይታሰሩ።

የተቦካው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለቅ፤ የጠጠረውን ውሃ ጨምሮ ማለስለስ አይሠራም። በግንቦት ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ባይሠራ ጥሩ ነው። ካለቀ በኋላ እርጥብ ጆንያ አልብሶ ለሦስት ቀን፣ ቢቻል ለሳምንት፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል። ብዙው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሠራተኛው ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፣ ባለቤቱም አልቋል ብሎ መሰላሉን ያነሳል።

ወደ ጣና ባለው ጥላማ ወገን የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር በደረቁ በብሩሽ ይጠረግ፤ በግፊት ውሃ ማጠብ ልስኑን ቦርቡሮ ያወጣዋል።

ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ግን ከላይ ያልነው ሲሚንቶ ፈጽሞ አይሠራም። 10 ሜትር ቆርቆሮ በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል፤ የትኛውም ልስን ይህን አይከተልም። እርጥብ ሲሚንቶም የቆርቆሮውን ዚንክ ይበላዋል። እዚያ መፍትሔው የአናቱን ላሜራ ከሁለቱም ወገን ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር አልብሶ፣ የቆርቆሮው ጉብታ ላይ በባለ ጎማ ብሎን መያዝ ነው።

አንድ ጥያቄ አለን። አሮጌ ሸክላ ጣሪያ ቤት ሲፈርስ የአናቱ ሸክላ ከፍርስራሹ ጋር ባይጣል። ልኩ የተለያየ ሸክላ አንድ መስመር ላይ አይገጥምምና የጎረቤት ቤት ለመጠገን የሚፈለገው ብዙ ጊዜ ያው ነው። አፍራሾች ለይተው በመሸጥ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

በባሕር ዳር የጣሪያ ሥራ ባለሙያዎች