ሕግ ነፃ ያወጣው ሰው፦ ለፍትሕ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የፍትሕ ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ክቡር ሚኒስትር፣

እኔ በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. በገዛ ቤቴ ውስጥ ሰው የገደልሁ፣ ለዚህም አንድ ዓመት ከሁለት ወር ታስሬ፣ በዋስ ከወጣሁ በኋላም ስምንት ወር ተከራክሬ፣ በመጨረሻ ፍርድ ቤት ድርጊቴ ሕጋዊ መከላከል ነው ብሎ በነፃ ያሰናበተኝ የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ስሜን ያልጻፍሁት ሟቹም ቤተሰብ ያለው ሰው በመሆኑ፣ የእኔ ስም በተነሣ ቁጥር የእሱም ስም እንዲነሣ ስለማልፈልግ ነው።

የምኖረው ከአያት አለፍ ብሎ፣ ወደ ለገጣፎ በሚያስወጣው መንገድ በኩል፣ ገና የመንገድ መብራት ባልደረሰው መንደር ነው። ከአጥራችን ጀርባ የጤፍ ማሳ አለ። በዚያ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የመስኮቱ ፍርግርግ ሲፈለቀቅ አልሰማንም። የሰማሁት የልጄን ጩኸት ነው። ሁለት ሰዎች ገብተው፣ አንደኛው ገጀራ ይዞ አልጋዋ አጠገብ ቆሟል። ፈቃድ ያለው፣ የተመዘገበ ሽጉጥ ነበረኝ። ውጣ ብዬ ጮኽሁ፤ ገጀራውን አንሥቶ ወደ እኔ ሲመጣ አንድ ጊዜ ተኮስሁ። ጓደኛው በገባበት መስኮት አመለጠ። ወደ 991 የደወልሁት እኔ ራሴ ነኝ። ፖሊስ እስኪደርስ የወደቀው ሰው ውኃ ጠይቆ ባለቤቴ በጣሳ ሰጠችው፤ ብዙም አልጠጣም።

ሊነጋጋ ሲል መርማሪው ቀለሁን ከወለሉ ላይ አንሥቶ በፌስታል ሲቋጥር፣ የተፈለቀቀውን ፍርግርግና ገጀራውን ፎቶ ሲያነሣ ቆሜ አይቻለሁ። ይህን የማነሣው፣ ከሃያ ሁለት ወር በኋላ ፍርድ ቤቱ እኔን ነፃ ለማውጣት የተመረኮዘባቸው ነገሮች ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ከመዝገቡ ጋር ስለ ነበሩ ነው።

የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78፣ በሌላ መንገድ ሊያመልጠው የማይችል ሕገ ወጥ ጥቃት የተቃጣበት ሰው ከአደጋው ጋር በሚመጣጠን መንገድ ቢከላከል አይቀጣም ይላል። አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ያለፈውን እንኳ ያስበዋል፤ ጥቃቱ ባሳደረበት ፍርሃትና ድንጋጤ ከልኩ ያለፈውን ሰው ፍርድ ቤቱ ከቅጣት ነፃ ሊያደርገው ይችላል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ሰው በእኩለ ሌሊት እንዴት እንደሚደነግጥ ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። እኔ የተከሰስሁት ግን ሰው መግደልን በሚመለከተውና ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት በሚያስቀጣው በአንቀጽ 540 ነው። ጉዳዬ በታየበት በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 መሠረት ደግሞ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ እንዲህ ባለ ክስ ዋስትና አይፈቀድም። የመከላከልን ወሰን አልፎ መግደልን የሚመለከተው አንቀጽ 541 ከ5 ዓመት ቀላል እስራት አይበልጥም። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ በክሱ ላይ የሚጽፈው ቁጥር፣ አንድም ምስክር ሳይሰማ፣ ተከሳሹ ከልጆቹ ጋር እንደሚያድር ወይም እንደማያድር ይወስናል።

የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው ሲያበቁ ፍርድ ቤቱ አንቀጹን ወደ 541 ለውጦ «ተከላከል» የሚል ብይን ሰጠ፤ ዋስትናም ያን ጊዜ ተፈቀደልኝ። ልጄን የተከላከልሁበት ጊዜ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያህል ነበር፤ በችሎት ፊት ግን ተከላክዬ እስክጨርስ ስምንት ወር ወሰደ።

ክሱን ያዘጋጀው ዐቃቤ ሕግ ሕግ ጥሷል አልልም። ሰው ሞቷል፤ መመርመር ነበረብኝ። ቂሙን ሲወጣ ገድሎ «ተከላከልሁ» የሚል ሰው እንዳያመልጥ የሚደረገው ጥንቃቄም ይገባኛል። የምጠይቀው፣ ዐቃቤ ሕግ በሰው መግደል ክስ ከመመሥረቱ በፊት አንቀጽ 78 እና 79ን ከማስረጃው ጋር አገናዝቦ፣ የሚሠሩበትን ወይም የማይሠሩበትን ምክንያት በመዝገቡ ላይ በጽሑፍ እንዲያሰፍር የሚያስገድድ መመሪያ እንዲያወጡ ነው። በእኔ ጉዳይ እንዲህ ቢደረግ ኖሮ፣ ቢያንስ ክሱን ከቤቴ ሆኜ እከራከር ነበር።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሕግ የማይደርስበት ይመስለኝ የነበረው ነገር ነው። ታስሬ ሳለሁ ስለ ቀጠሮና ስለ አንቀጽ እያሰብሁ ስለ ሟቹ ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም። ቤቴ ስመለስ፣ ባለቤቴ ደጋግማ በበረኪና ከማጠቧ የተነሣ ሊሾው አንድ ቦታ ላይ ነጥቶ አገኘሁት። ልጄ እስከ ዛሬ በዚያ ክፍል አትተኛም። እኔም ዝናብ ሲጥል ቁጭ ብዬ አነጋለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ጎረቤቶቼ «ጀግና» ሲሉኝ ነው። በእድር ድንኳን ውስጥ ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጨበጡኝ፤ የት እንደምገባ ጠፋኝ። እንኳን ደስ ያለህ ያላሉኝ ንስሐ አባቴ ብቻ ናቸው። ጾምና ስግደት ቀኖና ሰጡኝ፤ ስለ ሟቹ ያለቀስሁት ያን ጊዜ ነው።

አንድ የቀጠሮ ቀን በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ እናት አጠገቤ ተቀመጡ። የሟቹ እናት ነበሩ። «ውኃ ጠይቋችሁ ነበር?» አሉኝ። መጠየቁንም፣ ባለቤቴ መስጠቷንም ነገርኋቸው። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። አስከሬን ከማስረከብ በቀር ልጃቸው እንዴት እንደ ሞተ ቀርቦ ያስረዳቸው ሰው እንዳልነበረ ከዚያች ጥያቄ ተረዳሁ። እንዲህ ባለ ጉዳይ ለሟች ቤተሰብ የሆነውን በአግባቡ የሚነግር፣ ለሁለቱም ቤት ልጆች የሥነ ልቦና ምክር የሚያገናኝ ሰው እንዲመደብ እለምናለሁ።

ሌላም አለ። በእኛ አካባቢ ደም ሲፈስ ሽማግሌ ይገባል፤ በኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ዘንድም ጉማ የሚባል የደም እርቅ ሥርዓት አለ። እኔም ሽማግሌ ልልክ ስነሣ ጠበቃዬ፣ ክሱ ሳይዘጋ እርቅ ብትጠይቅ ጥፋትህን እንዳመንህ ይቆጠርብሃል ብሎ ከለከለኝ፤ ምክሩ ትክክል ነበር። በዚህ ምክንያት ሁለት ቤተሰብ ሃያ ሁለት ወር ሙሉ ስለ እርቅ ሳይነጋገር ኖረ። ሚኒስቴሩ ክስ እየታየ የሚቀርብ የእርቅ ጥያቄ በተከሳሹ ላይ እንደ እምነት ቃል እንዳይቀርብ ቢደነግግ፣ የችሎቱን ሥራ ሳይነካ ሽማግሌዎች ሥራቸውን መጀመር ይችላሉ።

ሽጉጡ ይመለስልህ ሲባል አልተቀበልሁም። ሽማግሌዎቹ ባለፈው እሑድ ወደ እናትየው ቤት ሄደው ነበር፤ «አስቤ እነግራችኋለሁ» ብለዋቸዋል። መልሳቸውን እየጠበቅሁ ነው፤ የእርስዎንም እንዲሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአያት አካባቢ ነዋሪ