ሌባ ሲገባብን ሕጉ እስከ የት ይፈቅዳል?

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣

ባለፈው ሳምንት ከአንዱ አባላችን ግቢ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ሊሰርቅ የገባውን ልጅ ነገር ሰምታችኋል። ጆንያውን ጥሎ እጁን ወደ ላይ አነሳ። በዱላ የተመታው ከዚያ በኋላ ነው። በጣም ከንክኖኛል።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1148 መሠረት በእጃችሁ ያለውን ንብረት ሊነጥቅ የመጣን ሰው በኃይል መመለስ ትችላላችሁ፤ ሰርቆ ሲሸሽ ተከታትላችሁ ማስጣልም እንዲሁ። ግን ወዲያውኑ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ጆንያችሁን ሰው ቤት ብታዩት በር ሰብሮ መግባት የለም፣ ፖሊስ ጋ ሂዱ። ሁኔታው ከሚጠይቀው በላይ ኃይል መጠቀምም ክልክል ነው።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78ም ጥቃቱ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል፣ መከላከሉም ከአደጋውና ከሚጠበቀው ነገር ጋር የሚመጣጠን ይሁን ይላል። ጀንፈልና የሰው ነፍስ ደግሞ አይመጣጠኑም! ከልክ ላለፈ ሰው አንቀጽ 79 ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንዲያቀልለት፣ ያለፈውም ጥቃቱ ባመጣበት ድንጋጤ ከሆነ ጨርሶ እንዳይቀጣው ይፈቅዳል። እጁን የሰጠን ሰው መደብደብ ግን በቀል እንጂ መከላከል አይደለም።

የሌሊት ተረኞች፣ ባትሪና ፊሽካ ያዙ። ጩኹ፣ ጎረቤት ቀስቅሱ፣ ይዛችሁ ለፖሊስ አስረክቡ። ገጀራው ቤት ይቅር።