ስለ ጠየቅኸኝ ቀላል መጠለያ

ውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ስለ ኑሮና ስለ ቤተሰብ የሚያወራ መስሎኝ ነበር፤ አንተ ግን ገና ከሰላምታው ሳትርቅ፣ ለወራት በእግርህ ለምትጓዘው ጉዞ ነፍሳት የማያስገባ ቀላል መጠለያ ምረጥልኝ ማለትህ፣ ያው የማውቅህ ሰው መሆንህን ስላሳየኝ በጣም ደስ አለኝ። የቀረውን ወሬ ለሌላ ቀን አቆይቼ ወደ ጥያቄህ ልግባ።

በሐሳብህ የያዝኻቸው ሦስት አማራጮች፣ ማለትም አጎበሩ አብሮ የተሰፋበት ባለ አንድ ግድግዳ ድንኳን፣ ከዝናብ መከላከያ ሸራ ሥር የሚዘረጋ የአጎበር ከረጢት እና ከሸራ ሥር የሚሰቀል የአጎበር ክፍል፣ ሚዛን ላይ ሲወጡ ልዩነታቸው አንተ የፈራኸውን ያህል አይደለም። ዳይኔማ ከሚባለው ቀላልና ጠንካራ ጨርቅ የተሠራ የአንድ ሰው ድንኳን 500 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ከዚያው ጨርቅ የተሠራ ሸራ ከነአውታሩ 200 ግራም ያህል፣ ወለል ያለው የአጎበር ክፍል ደግሞ 300 ግራም ገደማ ስለሆነ ድምሩ እዚያው ነው። ከረጢቱን ብትመርጥ ከክፍሉ ላይ 100 ግራም ያህል ትቀንሳለህ፤ ይህም ግማሽ ብርጭቆ ውሃ መሆኑ ነው። ሚዛኑ ካልለየልህ እንግዲህ በሌላ ነገር መለየት አለብህ፤ እኔ የምለየው በመጠለያው ውስጥ ነቅተህ በምትቆይበት ሰዓት ነው።

ብዙ ሰው መጠለያ ሲመርጥ ራሱን የሚያስበው ተኝቶ ነው። ቢንቢና ትንኝ ግን በይበልጥ የሚበረቱት ሲመሽና ሲነጋ ነው፤ ይህ ሰዓት ደግሞ ጫማህን አውልቀህ ውሃ የቋጠረ እግርህን የምታይበት፣ የነገውን መንገድ በካርታ የምታጠናበት፣ የምግብ ሽታ የሚስበው ድብ በሌለበት አገር ከሆነም ራትህን የምትበላበት ሰዓት ነው። በከረጢት ውስጥ ይህን ሁሉ በጀርባህ ተንጋለህ ማድረግ አትችልም። በዚያ ላይ አጎበሩ ቆዳህን ከነካ ቢንቢዋ በቀዳዳው አፏን አሾልካ ትነድፍሃለች። ከረጢቱን የሚሠሩት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ከፊት በላይ የሚስብ ክር ይሰፉበታል፤ ፊትህ ይድናል፣ ወደ ጎን ስትገለበጥ ግን ክርንህና ትከሻህ ጨርቁን ገፍተው ይጠጉታል፣ ጠዋት ስትነሣም የንድፊያው እብጠት በትከሻህ ላይ ተደርድሮ ታገኘዋለህ። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ቀጥ ብለህ የምትቀመጥበት የአጎበር ክፍል ነው።

ታዲያ መቀመጥ ከሆነ ባለ አንድ ግድግዳው ድንኳንስ ምን ጎደለው ትለኝ ይሆናል። ጉድለቱ የዝናብንና የነፍሳትን ሥራ እንዳይለያዩ አድርጎ አንድ ላይ መስፋቱ ነው። ሌሊት የምትተነፍሰው እርጥበት ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲያገኝ ጤዛ ሆኖ ይሰበሰባል፣ ነፋስ ከሌለም ስሊፒንግ ባግህን ያረጥበዋል። ሸራና አጎበር ከተለያዩ ግን ሰማዩ በጠራበት ሌሊት አጎበሩን ብቻ፣ ብርዱ ነፍሳቱን ባሳረፈበት ሌሊት ሸራውን ብቻ ትዘረጋለህ። ለረጅም መንገደኛ ትልቁ ጥቅም ደግሞ ወቅቱ ሲያልፍ አጎበሩን በፖስታ መላክ መቻሉ ነው፤ ለምሳሌ በምዕራብ አሜሪካ ባለው ረጅም የእግር መንገድ፣ በፓስፊክ ክረስት ላይ፣ የሴራ ኔቫዳ ተራሮች በረዶ ከቀለጠ በኋላ፣ በሰኔና በሐምሌ የሚያስመርረው ቢንቢ በመስከረም በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ 300 ግራሙን መሸከም ምክንያት ያጣል። በዝናብ መካከል ሁለት ነገር መትከል አሰልቺ መሆኑን አልክድም፤ ሸራውን አስቀድመህ ከተከልህ ግን አጎበሩን ከሥሩ ሆነህ ሳትረጥብ ትሰቅላለህ።

አጎበሩን ስትገዛ ቀዳዳውን ተመልከት። 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ቢንቢን ያግዳል፣ ደቃቁን ተናዳፊ ትንኝ ግን አያግድም፤ ለእርሱ ከ0.6 ሚሊ ሜትር በታች ያስፈልጋል፣ በሙቀት ሌሊት ነፋሱን ትንሽ ቢቀንስብህም። ቀለሙ ጥቁር ይሁን፤ ነጩ ብርሃን እያንጸባረቀ ውጭውን ይጋርድብሃል። ወለሉ ከአጎበሩ ጋር የተሰፋ መሆን አለበት፤ መዥገርና ጉንዳን የሚመጡት በመሬት ስለሆነ፣ ጫፉ ወደ ታች የተንጠለጠለ ወለል አልባ አጎበር ለእነርሱ በር ነው። መጀመሪያ የሚደክመው ዚፑ ነው፤ አሸዋ ሲገባበት ተንሸራታቹ ይላላና ከኋላው ጥርሶቹ ይከፈታሉ፣ ስለዚህ በየጊዜው በውሃና በጥርስ ብሩሽ አጽዳው። ስትገባ ዚፑን ጥቂት ከፍተህ ፈጥነህ ግባ፣ ከዚያም ከመተኛትህ በፊት አብረውህ የገቡትን አንድ በአንድ ግደል።

ስለ ሸራው ጨርቅ ብዙ አልልም። ሲሊኮን የተቀባ ናይለን ሲረጥብ ስለሚረግብ ሌሊት ተነሥተህ አውታር ትወጥራለህ፤ ፖሊስተሩ በዚህ ይሻላል፤ ዳይኔማ ውሃ አይጠጣም፣ አይለጠጥም፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ገንዘቡ ካነሰ ፖሊስተሩን ግዛ፣ የተረፈህን ለጥሩ አጎበር አውለው።

አሜሪካዊቷን አዛውንት የእግር ተጓዥ ኤማ ጌትዉድን ጠቅሰህ በእኔ ላይ መቀለድህንም አይቻለሁ። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በ67 ዓመታቸው በምሥራቅ አሜሪካ ያለውን ረጅሙን የአፓላቺያን የእግር መንገድ ብቻቸውን ሲጨርሱ ድንኳን አልያዙም፣ ለዝናብ የያዙት የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ላስቲክ ነበር። ቢሆንም አንተ አንዲት ቢንቢ ጆሮህ ሥር ከጮኸች እስኪነጋ የምትገላበጥ ሰው ነህ።

አንድ ነገር ለክልኝና ጻፍልኝ፤ በምትተኛበት ፍራሽ ላይ ቀጥ ብለህ ተቀመጥና ከመሬት እስከ ራስህ አናት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ። ከ100 የሚበልጥ ከሆነ ለአጭር ሰው የተሠሩትን ክፍሎች ከዝርዝርህ አውጥቼ የቀሩትን እነግርሃለሁ። የምርኩዞችህንም ርዝመት አትርሳ፤ ሸራውም አጎበሩም የሚቆሙት በእነርሱ ላይ ነውና።

አክባሪ ወዳጅህ