ለልጆች ማይነርን ከክራር ብንጀምርላቸው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ በሚገኘው ቤቴ በረንዳ ላይ ልጆችን ክራር ሳስተምር 22 ዓመት ሆኖኛል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ የአንዲት የ13 ዓመት ተማሪዬ ደብተር ነው።

ልጅቱ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ዘንድ ክራር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ቦታ ኪቦርድ ትማራለች። ባለፈው ሳምንት ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። «ሜጀር፦ የደስታ ስኬል። ማይነር፦ የሐዘን ስኬል» ይላል፤ ስኬል ማለት በቅደም ተከተል የተደረደሩ የዜማ ድምፆች ማለት ነው። ከሥሩ ሦስት ዓይነት ማይነር ተዘርዝሯል፤ ለምን ሦስት እንደሆኑ ግን አንድም ቃል የለም። «እትዬ፣ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ግን አልገባኝም» አለችኝ።

እንዴት ይግባት? ትዝታ የተባለው ቅኝታችን (አምስት ድምፆች ያሉት የዜማ ስልት) በሜጀርም በማይነርም ይዘፈናል፤ በሁለቱም ናፍቆት ነው። በትዝታ ሜጀር ስጫወት እንባቸውን የጠረጉ ሰዎችን አይቻለሁ። ባቲ በተባለው ሌላው ቅኝት፣ በባቲ ማይነር፣ ደግሞ ስንት ሠርግ አስጨፍሬአለሁ! የምንዘፍነውን ሁሉ የሚያፈርስ ትርጉም ለልጅ በመጀመሪያው ቀን መስጠት ትልቅ በደል ነው።

ደብተሩን አስዘጋኋትና ክራሬን በትዝታ ሜጀር ቃኘሁ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ስድስተኛው አውታር የመጀመሪያው ዶ እጥፍ ነው። ከዚያም ሚን እና ላን ብቻ በግማሽ ድምፅ (ፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ፣ ነጭም ጥቁርም ሳይዘለል፣ እስከ ቀጣዩ ባለው ርቀት) አላላኋቸው። ትዝታ ማይነር ሆነ። ከዶ እስከ ሚ አራት ግማሽ ድምፅ የነበረው ርቀት ሦስት ሆኗል። ሜጀርን ከማይነር የሚለየው ከመነሻው ሲቆጠር ይህ ሦስተኛው ድምፅ ነው፤ በጣቷ ነክታ አረጋገጠችው።

ሁለቱን አውታሮች ወደነበሩበት መለስኩና ምንም ሳልነካ፣ ዶ ላይ የሚያርፈውን ዜማ ላ ላይ እንዲያርፍ አደረግሁት። ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፤ ባቲ ማይነር! ድምፆቹ ያው አምስቱ ናቸው፤ ማረፊያቸው ግን ተለወጠ። ፒያኖም ላይ ነገሩ ይኸው ነው። ነጫጮቹን ቁልፎች ከዶ እስከ ዶ ብንሄድባቸው ዶ ሜጀር፣ ከላ እስከ ላ ብንሄድባቸው ላ ማይነር ነው፤ ወረቀት ላይ ሁለቱም ያለ ሻርፕ (ድምፅን በግማሽ ከፍ የሚያደርግ ምልክት) እና ያለ ፍላት (በግማሽ ዝቅ የሚያደርግ) ይጻፋሉ። አንድ ፍላት ከተጻፈ ፋ ሜጀር ወይም ሬ ማይነር፣ አንድ ሻርፕ ከተጻፈ ሶል ሜጀር ወይም ሚ ማይነር ይሆናል። ከሜጀሩ ሦስት ግማሽ ድምፅ ወደ ታች ሲቆጠር ማይነሩ ይገኛል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዜማው የት እንደሚያርፍ ማዳመጥ ነው።

ወደ ሦስቱ ማይነሮች ልምጣ። ተፈጥሯዊው ላ ማይነር ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ነው። በሶልና በላይኛው ላ መካከል ሙሉ ድምፅ (ሁለት ግማሽ) ስላለ ሶሉ ወደ ማረፊያው አጥብቆ አይስብም። የአውሮፓ ሙዚቀኞች በኮርድ (አብረው በሚመቱ ድምፆች) ሲያጅቡ ያንን ስበት ስለፈለጉ ሶሉን በግማሽ ከፍ አደረጉት፤ ሃርሞኒክ ማይነር የሚባለው ይህ ነው። በፋና በሶል ሻርፕ መካከል ግን የሦስት ግማሽ ድምፅ ክፍተት ተፈጠረ። ይህ ለዘፋኞቻቸው ስላስቸገረ፣ ሲወጡ ፋውንም ከፍ አደረጉት፤ ሲወርዱ ሁለቱንም ወደ ቦታቸው መለሱ፤ ሜሎዲክ ማይነር ተባለ። (ላ ላይ በሚያርፍ ትዝታ ማይነር ከዶ ወደ ሚ አራት ግማሽ ድምፅ ለሚዘልል የእኛ ጉሮሮ የእነርሱ ክፍተት ብዙም አያስፈራም።) ሶል ሻርፑ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ አይጻፍም፤ በመጣበት ቦታ ሁሉ ከኖታው ጎን ይቀመጣል። ምክንያቱ ሲነገራት ልጅቱ ሦስቱንም ያለ ሽምደዳ ያዘቻቸው።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባለፈው ጥር ጣና ዳር በተደረገ ሠርግ ላይ አንዲት ዘፋኝ ማረፊያዋን ላ አድርጋ በባቲ ማይነር ታዜም ነበር። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሚ ሜጀር ኮርድን፣ ማለትም ሚ፣ ሶል ሻርፕና ሲን፣ ደጋግሞ ሰጣት። እርሷ ሶል ትላለች፣ ኪቦርዱ ሶል ሻርፕ ይላል። ሁለተኛው ግጥም ላይ ስትደርስ ድምጿ ወደ ላይ ተጎተተ፤ ሶሉ ጠፋ፣ ባቲውም አብሮ ጠፋ። ወጣቱን አልወቅሰውም፤ ማይነር ማለት ሃርሞኒክ ማይነር ብቻ እንደሆነ ነው የተማረው። ሚ ማይነር ኮርድ ቢሰጣት ወይም ላን ብቻ ይዞ ቢቆይላት ይበቃት ነበር። በትዝታ ማይነር ቢሆን ደግሞ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ብቻ ስለሆነ ዜማው ውስጥ ሶል የለም። እዚያ የሚጠበቀው ፋው ነው፤ ፋው ከፍ ካለ ትዝታ ማይነር አይደለም።

የኪቦርድ መምህራንን የምለምነው ማይነርን ልጆቹ በጆሯቸው ከሚያውቁት ቅኝት እንዲጀምሩላቸው ነው። ጋዜጣችሁም በጥበብ ዓምዱ ስለ አንድ ዜማ «በማይነር የተሠራ» ብሎ ሲጽፍ ትዝታ ይሁን ባቲ ስሙን ቢጠራ፣ «ስለዚህ ያሳዝናል» የሚለውንም ቢተው ለአንባቢው ይጠቅማል።

በመጪው ቅዳሜ ከተማሪዬ ጋር አምባሰል የተባለውን ቅኝት እንጀምራለን። ከሚ ተነስተን ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ እንላለን፤ የትዝታ ማይነር አምስት ድምፆች ናቸው፣ ማረፊያቸው ብቻ ሌላ። ሜጀርን ከማይነር የሚለየው ሦስተኛ ድምፅ፣ ከሚ ሲቆጠር ሶል ወይም ሶል ሻርፕ፣ ግን እዚህ ጨርሶ የለም። ደብተሯ ላይ በየትኛው ረድፍ እንደምትጽፈው እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ ለአምባሰል አዲስ ገጽ እንድትከፍት እነግራታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የክራር መምህርት፣ ከባሕር ዳር