የሴቶች ኮንዶም ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ አይጥፋ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ኮንዶም ሲባል የሚታሰበው ወንዱ የሚያጠልቀው ብቻ ነው። እሱ እምቢ ካለስ? የሴቶች ኮንዶም በእሷ እጅ ያለ መከላከያ ነው፤ ከግንኙነቱ እስከ 8 ሰዓታት ቀደም ብሎ ሊገባ ይችላል።

አጠቃቀሙ ልምምድ ይፈልጋል። ማሸጊያው በጥርስ ወይም በመቀስ ሳይሆን በእጅ ይከፈታል። በተዘጋው ጫፍ ያለውን ቀለበት በጣቶቿ ጨምቃ ወደ ብልቷ ታስገባና፣ ጣቷን በኮንዶሙ ውስጥ አሳልፋ ቀለበቱ እስከሚሄድበት ድረስ ትገፋዋለች። በክፍቱ ጫፍ ያለው የውጭው ቀለበት ውጭ ይቀራል። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፦ የውጭው ቀለበት ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ወይም የወንዱ ብልት በኮንዶሙ ጎን ያልፋል። ስለዚህ አገባቡን በእጅ መምራት ያስፈልጋል። ሲወጣ፣ ከመነሳቷ በፊት የውጭውን ቀለበት ጠምዝዛ ትስበዋለች። ለአንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል።

ከወንዶች ኮንዶም ጋር አይደረብም፤ ሲፋተጉ ይቀደዳሉ ወይም ይንሸራተታሉ። ቫዝሊን ናይትሪል ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራውን የሴቶች ኮንዶም አይጎዳም፤ የወንዶቹን ላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) ግን ያዳክመዋል፤ ይህን ልዩነት ሻጩም ይወቀው።

በጎንደር ከአራዳ እስከ አዘዞ ያላችሁ የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች፣ እባካችሁ አስመጡት። የምትጠይቀውንም ሴት «ባል አለሽ?» አትበሏት። ጤና ጣቢያዎችም በቤተሰብ ዕቅድ ክፍላቸው በሞዴል ያሳዩ።

በጎንደር የምንሠራ የጤና ባለሙያዎች