ቅዳሜ ከመሰብሰባችን በፊት

ውድ ጎረቤቶች፣

ሕንፃችንን የሠራው ቤት አልሚ «አስረክቤያለሁ፣ ማኅበሩን ጠይቁ» ይላል፤ የነዋሪዎች ማኅበራችን ደግሞ «የግንባታ ጉድለት ነው፣ አልሚውን ጠይቁ» ይላል። እኛ መሃል ላይ ሆነን ሊፍቱ ቆሟል፣ የጣራው ውሃም ደረጃው ላይ ይንጠባጠባል። ይህን ክርክር የሚቆርጠው ማኅበሩ የጋራ መጠቀሚያዎችን ከአልሚው የተረከበበት ሰነድ ነው፤ ምን ተጠናቆ፣ ምን ጎድሎ እንደተፈረመ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። የማኅበሩን ኮሚቴ ሁለቴ በቃል ጠይቀን «እንፈልጋለን» ተብለናል። አሁን በጽሑፍ እንጠይቃለን፤ የጥገና መዋጮውን የባንክ መግለጫም ጨምረን።

ስንጥቅ ወይም ፍሳሽ ያለባችሁ፣ ከማስጠገናችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። የዋስትናው ጊዜ መቼ እንደሚያበቃም ውላችሁ ላይ እዩ።

መዋጮ እናቁም የምትሉ አላችሁ፤ እኔ አልስማማም፣ ባለዕዳ የሚያደርገው እኛኑ ነው። የኮሚቴ አባላቱም ጎረቤቶቻችን ናቸውና ስድቡ ይቅር።

ደብዳቤው ጥበቃዎቹ ጋ አለ፤ ፈርሙ።