ሩጫው ካለቀ በኋላ ፈረሱ የት ይገባል?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፈው ከሜልበርን ነው። እዚህ ኖቬምበር በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ ለፈረስ ውድድር ተብሎ ሥራ ዝግ ነው፣ ሜልበርን ካፕ ይሉታል፣ ከ1861 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሽልማቱም ከ8 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነው። ሜዳው ፍሌሚንግተን ነው፣ የኛ ሰው ከሚበዛበት ከፉትስክሬይ ወንዙን ተሻገር ማለት ነው፣ ስለዚህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከውድድሩ በኋላ ያለው ነገር ነው። እነዚህ ፈረሶች ገና በ2 ዓመታቸው መሮጥ ይጀምራሉ፣ አብዛኞቹ 10 ሳይሞላቸው ይወጣሉ፣ ፈረስ ግን 25 እና 30 ዓመት ይኖራል። የቀረውን ዕድሜ የት ነው የሚያሳልፈው? ኦክቶበር 2019 ላይ የአውስትራሊያው ኤቢሲ ቴሌቪዥን በድብቅ የተቀረጸ ቪዲዮ አሳየ፣ ኩዊንስላንድ በሚባለው ስቴት ውስጥ ባለ ቄራ የውድድር ፈረሶች ከመታረዳቸው በፊት ሲረገጡ፣ ሲደበደቡ፣ በኤሌክትሪክ ሲነዘሩ። ጎረቤቱ ስቴት ኒው ሳውዝ ዌልስ የውድድር ፈረስ ወደ ቄራ እንዳይላክ ከልክሎ ነበር እኮ፣ ግን ፈረሱ ተጭኖ የስቴቱን ድንበር ከተሻገረ ማን ያየዋል?

የሚያናድደው ደግሞ መሣሪያው መኖሩ ነው። እያንዳንዱ የውድድር ፈረስ አንገቱ ላይ ከቆዳው ስር የሩዝ ፍሬ የምታክል ማይክሮቺፕ አለችው፣ በስካነር ሲያነቧት ቁጥር ታወጣለች። ቁጥሩ ግን ዋጋ የሚኖረው ፈረሱ አሁን በማን እጅ እንዳለ መዝገቡ ሲያውቅ ነው። ፈረሱ ከሬስ ሲወጣ ባለቤቱ ያሳውቃል፣ ከዛ የገዛው ሰው ለሌላ ሲሸጠው የሬሲንግ ሕጉ አይነካውም፣ ዱካው እዛው ጠፋ። እዚሁ አገር ላም ጆሮዋ ላይ ባለው ታግ ከእርባታው እስከ ቄራው ትመዘገባለች! የሴኔት ኮሚቴም በ2019 መጨረሻ ለሁሉም ፈረስ አገር አቀፍ መዝገብ ይኑር ብሎ ነበር።

«የሰው ችግር እያለ ስለ ፈረስ ታወራለህ» የሚሉኝ አሉ። ነገሥታቶቻችንን አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያልን በፈረስ ስማቸው የምንጠራ ሰዎች ይሄን ስንል ይከብደኛል። የመዝገቡ ወጪም ከድሃ ኪስ አይወጣም፣ ሰዉ በፈረስ ውድድር ከሚወራረደው ብር ትንሽ ቢቆረጥ ይበቃል።

እዚህ ያለን አንባቢዎች ብዙዎቻችን ድምፅ የምንሰጥ ዜጎች ነን። ለፓርላማ ተወካያችሁ ኢሜይል አድርጉና ይሄን ጠይቁልኝ፦ ፈረስ በተሸጠ ቁጥር አዲሱ ባለቤት በስሙ እንዲያስመዘግብ፣ ሲሞትም የትና እንዴት እንደሞተ እንዲጻፍ የሚያስገድድ አንድ ሕግ፣ በሁሉም ስቴት።

አንባቢያችሁ፣ ከሜልበርን